ኡዝቤክኛ ስማር ቅጽሉ ለምን አስቸገረኝ

ገበሬው ግራና ቀኙን፣ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። የቆምነው ሚርዛቾል በሚባለው ሰፊ ሜዳ ላይ፣ በጥጥ ማሳና በመስኖ ቦይ መካከል ነው። የመስኖ ትምህርት ለመማር የኡዝቤኪስታን ዋና ከተማ ታሽኬንት ከገባሁ ሦስት ወር ቢሆነኝ ነው። «ጥልቁ ቦይ ውስጥ ውሃ አለ?» ብዬ ልጠይቀው አስቤ «ቹቁርዳ አሪቅዳ ሱቭ ቦርሚ?» አልኩት። ጥያቄዬን በቁም ነገር ወስዶ ጥቂት ሲፈልግ ከቆየ በኋላ «የትኛው ጉድጓድ?» ሲል መልሶ ጠየቀኝ።

አሪቅ የመስኖ ቦይ ነው፤ ሱቭ ውሃ ነው፤ «ቦርሚ» «አለ ወይ» ማለት ነው። ቹቁር ጥልቅ ማለት ሲሆን፣ ስም ሳይከተለው ብቻውን ቆሞ ቅጥያ ሲቀበል ጉድጓድ ይሆናል። በቃል መጨረሻ የምትቀጠለው «ዳ» ደግሞ የእኛን «በ» እና «ውስጥ» ትተካለች። እኔ ቅጽሉንም ስሙንም «ዳ» አለበስኳቸው። ሰውዬው የሰማው «ጉድጓድ ውስጥ፣ ቦይ ውስጥ ውሃ አለ?» የሚል ነው። ማለት የነበረብኝ «ቹቁር አሪቅዳ ሱቭ ቦርሚ?» ነበር። ሰውዬው ጉድጓድ እንዲፈልግ ያደረገችው አንዲት ትርፍ «ዳ» ናት።

ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ኡዝቤኪስታን ለምትሄዱ፣ ወይም እንዲያው ቋንቋውን ለወደዳችሁ ሰዎች ይህን የምጽፈው ስለዚያች ትርፍ «ዳ» ነው። በእጄ የነበረው በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሰዋስው መጽሐፍ ስለ ቅጽል የሚለው «የኡዝቤክኛ ቅጽል አይለወጥም» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ ከዚያ ወደ ሌላ ምዕራፍ ያልፋል። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ይበቃዋል። የራሱም ቅጽል አይለወጥምና የሚተወው ልማድ የለውም። እኛ ግን የምንተወው ብዙ አለን፤ ለእኛ ተብሎ የተጻፈ መጽሐፍም በእጄ አልገባም።

የአማርኛ ቅጽል ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ እስቲ አስቡት። «ትልቁን ቤት ገዛሁ» ስንል «ኡ» የተጣበቀችው ቅጽሉ ላይ ነው፤ «ን»ም እዚያው ናት፤ «ቤት» ባዶ እጁን ቆሟል። «በትልቁ ቤት» ስንል «በ» የምትይዘው ቅጽሉን ነው። «ቀይዋ መኪና» ስንል ጾታው የሚታወቀው ከቅጽሉ ነው። «ረጃጅም ዛፎች» ስንል ቅጽሉ ራሱ ይበዛል። ቅጽላችን ዕቃውን ሁሉ ተሸክሞ ፊት ፊት ይሄዳል፣ ስሙ ቀለል ብሎት ይከተላል። በኡዝቤክኛ ሰልፉ ከእኛው ጋር አንድ ነው፤ ቅጽል ይቀድማል፣ ስም ይከተላል። ዕቃውን በሙሉ የሚሸከመው ግን ስሙ ነው።

ይህን ለማየት አንድ ስም ወስዶ ጭነቱን አንድ በአንድ መጨመር ነው። (ኡዝቤክኛ ዛሬ በይፋ የሚጻፈው እ.ኤ.አ. በ1993 በሕግ በተወሰነው የላቲን ፊደል ነው፤ የድሮው፣ ሩስኛ የሚጻፍበት የሲሪሊክ ፊደልም ገና በየሱቁና በየጋዜጣው አለ። እዚህ ሁሉንም በእኛው ፊደል አደርገዋለሁ።) ኡይ ቤት ነው። ካታ፣ «ታ»ዋ ጠበቅ ብላ፣ ትልቅ ማለት ናት። ካታ ኡይ፣ ትልቅ ቤት። ካታ ኡይላር፣ ትልልቅ ቤቶች። ካታ ኡይላሪሚዝ፣ ትልልቅ ቤቶቻችን። ካታ ኡይላሪሚዝዳ፣ በትልልቅ ቤቶቻችን ውስጥ። ካታ ኡይላሪሚዝዳን፣ ከትልልቅ ቤቶቻችን። ስሙ እየረዘመ፣ እየረዘመ ሄደ፤ ካታ ግን ከመነሻው እስከ መጨረሻው አልተነካችም። ጾታም አያሳስባትም። ቺሮይሊ ቂዝ ቆንጆ ልጃገረድ ናት፣ ቺሮይሊ ዪጊት ቆንጆ ጎረምሳ ነው፤ ቺሮይሊ ያው ቺሮይሊ ናት። እንዲያውም በኡዝቤክኛ «እሱ» እና «እሷ» እንኳ አይለዩም፣ ሁለቱም «ኡ» ናቸው።

ይህን በወረቀት ላይ ማወቅ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ምላስን ማሳመን ግን ወራት ወሰደብኝ።

ያሳመኑኝ ቤት ያከራዩኝ አሮጊት ናቸው። ቤታቸው ኤስኪ ሻሃር፣ «አሮጌ ከተማ» በሚባለው የታሽኬንት ክፍል ነው፤ ከቾርሱ ገበያ ሰማያዊ ጉልላት ብዙም አይርቅም። «ኾላ» እላቸው ነበር። ቃሉ የእናት እኅት ማለት ሲሆን በዕድሜ የገፉ ሴቶች በአክብሮት የሚጠሩበት ነው። እሳቸውም «ቦላም» ይሉኛል፣ ልጄ። ሻይ ሲያቀርቡ መጀመሪያ ከማንቆርቆሪያው ወደ ፒዮላው፣ ማለትም እጀታ ወደሌለው የሻይ ሲኒ ይቀዱና መልሰው ይገለብጡታል፤ እንዲህ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ለእንግዳ የሚሰጡት ግማሽ ያህል ተቀድቶ ነው፤ እየደጋገሙ መቅዳት ክብር ነውና።

አንድ ማታ ሁለት ፒዮላ ይዘው ቆመው ሳለ ትልቁን እንዲሰጡኝ ፈልጌ «ካታኒ ፒዮላ» አልኩ። «ኒ» የእኛ «ን» ናት፤ ስለዚህ የተናገርኩት «ትልቁን ፒዮላ» የሚለውን አማርኛ ቁልጭ አድርጎ በኡዝቤክኛ ቃላት ነበር። ኾላ ሁለቱንም ፒዮላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ጣታቸውን በትልቁ ላይ አድርገው «ካታ ፒዮላኒ» አሉ፤ «ኒ» ላይ ረገጥ አድርገው። ደገምኩት። አልሰጡኝም። በእጃቸው ሁለቱንም ከደን አድርገው «ቃይሲሲኒ?» አሉኝ፣ የትኛውን? «ካታ ፒዮላኒ» ብዬ ልመልስ ስል ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፒዮላ ፒዮላ አትበለኝ፣ ፒዮላ መሆኑንማ አያለሁ» ዓይነት ነገር ተናገሩና ትክክለኛውን ሰጡኝ፦ «ካታሲኒ።»

ካታሲኒ። ይህቺ ቃል ለእኔ በር ከፈተችልኝ፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይባት። ካታ ትልቅ ነው፤ «ሲ» «የእሱ» የምትል ባለቤትነት አመልካች ናት፤ «ኒ» የእኛ «ን»። ሦስቱ ሲገጣጠሙ ከቀረቡት መካከል «ትልቁን» ማለት ይሆናል። አሁን የራሳችንን «ትልቁን» ተመልከቱ። «ኡ» ምንድን ናት? «ቤቱ» ስንል አንዳንዴ «ያ የምናውቀው ቤት»፣ አንዳንዴ «የእሱ ቤት» ማለታችን ነው። ያቺው «የእሱ» የምትለው «ኡ» ናት «ትልቁ» ላይ የተቀመጠችው። ሁለት ምንም ዝምድና የሌላቸው ቋንቋዎች፣ አንዱ ሴማዊ፣ ሌላው ቱርካዊ፣ «ትልቁን» ለማለት በአንድ መንገድ መጡ። በኡዝቤክኛ ስሙ ከተከተለ ቅጽሉ ባዶውን ይሄዳል፤ ስሙ ከቀረ ቅጽሉ የስሙን ቦታ ይይዝና ጭነቱን ሁሉ ይረከባል። የአማርኛ ልማዴ ስሕተት የሚሆነው ስሙን ሳልጥል ቅጽሉን ስጭነው ብቻ ነው። ስሙን ስጥለው ትክክል ነኝ።

በማግስቱ ቾርሱ ገበያ ሄጄ ሞከርኩት። ከፖም ክምር ፊት ቆሜ «ቂዚሊኒ ቤሪንግ» አልኩ፣ «ቀዩን ይስጡኝ»። (ከአናባቢ በኋላ «ሲ» የምትሆነው ከተነባቢ በኋላ «ኢ» ትሆናለች፤ ካታሲ፣ ቂዚሊ።) ሴትዮዋ ምንም ሳይደነቁ ከቀዩ ክምር መመዘን ጀመሩ። ሳይደነቁ መቅረታቸው ነው ያስደሰተኝ። ስሙን ልጨምር ካልኩ ደግሞ «ቂዚል ኦልማዳን ኢኪ ኪሎ ቤሪንግ» ነው፤ «ከቀዩ ፖም ሁለት ኪሎ ይስጡኝ»። «ከ» የምትለው «ዳን» ፖሙ መጨረሻ ላይ ናት፣ ቀዩ አልተነካም። ገበያ ስትሄዱ ከፈገግታ ጋር «አርዞንሮቅ ቦላዲሚ?»ን አትርሱ፤ «ትንሽ ረከስ ይላል?» ማለት ነው።

የብዙ ቁጥር ነገር ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። በአማርኛ «ጥሩዎቹ ሰዎች» ማለት ስለምንችል «ካታላር ኡይላር» ብዬ ጻፍኩ፣ «ትልልቆች ቤቶች» ለማለት። ካታላር ግን ብቻዋን በኡዝቤክኛ አዋቂዎች፣ ታላላቅ ሰዎች ማለት ናት። ዮሽ ወጣት ነው፤ ዮሽላር ወጣቶች ናቸው። «ላር» የተቀጠለበት ቅጽል አብዛኛውን ጊዜ ሰው ይሆናል። ስለዚህ «ላር» በስሙ ላይ ብቻ ትሁን። ቁጥር ከቀደመ ደግሞ ስሙም አያስፈልገውም፦ ቤሽታ ቂዚል ኦልማ፣ አምስት ቀይ ፖም። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ መርካቶም «አምስት ሎሚ ስጪኝ» እንላለን እንጂ «አምስት ሎሚዎች» ብሎ የሚገዛ የለም።

ቅጽልን መደጋገም ግን በጣም የወደድኩት ክፍል ነው። እኛ ትልቅን ትልልቅ፣ ረጅምን ረጃጅም፣ ነጭን ነጫጭ የምንለው ለማብዛት ነው። ኡዝቤኮችም ካታ-ካታ ኡይላር ይላሉ፤ ትልልቅ ቤቶች እንደማለት፣ ያውም ከአንድ በላይ መሆናቸው ዓይን ውስጥ እስኪገባ። ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው ድጋሚ ግን ቁጥርን አይነካም፣ ቀለሙን ያጎላል። የቃሉ የመጀመሪያ ክፍል ብቻ ይደገምና መጨረሻው ላይ አንድ ተነባቢ ይገባበታል። ቂዚል ቀይ ነው፤ ቂፕ-ቂዚል ፍም የመሰለ ቀይ ነው። ሳሪቅ ቢጫ፤ ሳፕ-ሳሪቅ ቢጫ ብቻ። ቆራ ጥቁር፤ ቆፕ-ቆራ ከሰል የመሰለ። ያሺል አረንጓዴ፤ ያም-ያሺል ለምለም አረንጓዴ። ኮክ ሰማያዊ፤ ኮም-ኮክ። ኦቅ ነጭ፤ ነጭ ጥጥ የመሰለ ሲሆን ኦፖቅ፣ «ፖ»ዋ ጠበቅ ብላ። የትኛው «ፕ»፣ የትኛው «ም» እንደሚያስገባ አንድ በአንድ መያዝ ነው፤ አቋራጭ አላገኘሁለትም። «ቂፕ-ቂዚል ኦልማ» ሲባል አንድ ፖምም ሊሆን ይችላል። እኔ «ቀያይ ፖሞች» እየመሰለኝ ስንት ጊዜ አንድ ፍሬ በእጄ ይዤ ቆሜአለሁ።

የቀለም ነገር ከተነሣ ኮክን ልብ በሉ። የሰማይ ቀለም ኮክ ነው፤ አረንጓዴ ሻይም ኮክ ቾይ ነው። አረንጓዴ የሚል የራሱ ቃል፣ ያሺል፣ እያለ ሻዩ ግን ኮክ ነው። ለአማርኛ ጆሮ ደግሞ የፍሬው ኮክ ይመጣበታል፣ ለጥቂት ሳምንት የኮክ ሻይ የሚጠጡ መስሎኝ ነበር። ኦቅ በአኗኗራቸው ውስጥ ገብታለች። የሰፈር ሽማግሌ ኦቅሶቆል ይባላል፣ ነጭ ጺም። መንገደኛን ሲሸኙ «ኦቅ ዮል!» ይላሉ፣ ነጭ መንገድ። ጥጥን ከሶቪየት ዘመን ጀምሮ ኦቅ ኦልቲን፣ ነጭ ወርቅ ሲሉት ኖረዋል፤ እኔንም ወደዚያ አገር የወሰደኝ ያ ነጭ ወርቅ ነው። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአሙዳርያና የሲርዳርያ ወንዞች ለጥጡ ሲጠለፉ የአራል ባሕር እየሸሸ ሄዷል፤ ውሃን የሚያጠና ሰው ሊያየው የሚገባ ነገር ነው።

አሁን ቅጽሉን ከስሙ ፊት አንሥተን ወደ ኋላ እንውሰደው። ቅጽል ከኋላ ሲመጣ ዐረፍተ ነገር ይዘጋል፦ «ኡይ ካታ»፣ ቤቱ ትልቅ ነው። «ነው» የታለች? የለችም። እኛ ያለ «ነው» ዐረፍተ ነገር አይዘጋልንምና መጀመሪያ ላይ አንድ ቃል የጠፋብኝ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ላይ ድምፅን መስማት ለመድኩ። «ቡ ካታ ኡይ» ያለ ዕረፍት ሲነገር «ይህ ትልቅ ቤት» ነው፣ ገና ነገር ይከተለዋል፤ ከ«ቡ» በኋላ ጥቂት ቆም ሲሉ «ይህ ትልቅ ቤት ነው» ይሆናል። አሉታው «ኤማስ» ነው፦ ኡይ ካታ ኤማስ፣ ቤቱ ትልቅ አይደለም። ያለፈው «ኤዲ»፦ ኡይ ካታ ኤዲ፣ ቤቱ ትልቅ ነበር።

ባለቤቱ «እኔ» ወይም «እርስዎ» ሲሆን፣ ዐረፍተ ነገር የሚዘጋው ቅጽል ያንን የሚያመለክት ቅጥያ ይቀጥላል፤ ያኽሺ ጥሩ፣ ያኽሺማን ደኅና ነኝ። የዕለት ሰላምታቸው «ያኽሺሚሲዝ?» ይህንኑ ሦስት ነገር የያዘ ነው፤ ጥሩ፣ ወይ፣ ነዎት። ስለ እናት ሲጠይቁ ደግሞ «ኦዪንጊዝ ያኽሺሚላር?» ይላሉ። እናት አንዲት ናት፣ «ላር» ግን ብዙ ቁጥር ናት። «እናትዎ ደኅና ናቸው?» የምንል ሰዎች ይህን ማስረዳት አያስፈልገንም፤ እነሱም አክብሮትን በብዙ ቁጥር ያስቀምጣሉ። ኾላ ስለ እናቴ በጠየቁኝ ቁጥር ያቺን «ላር» ስሰማ አገሬ ያለሁ ይመስለኝ ነበር።

ማነጻጸር ቀላል ነው። «ሮቅ» ትቀጠላለች፤ የሚበለጠው «ዳን» ይይዛል፦ አኖር ኦልማዳን ቂማትሮቅ፣ ሮማን ከፖም ይወደዳል። ከሁሉ የበለጠ ሲሆን «ኤንግ» ትቀድማለች፣ ኤንግ ካታ ኡይ። በጣም ለማለት «ጁዳ»። ቅደም ተከተሉ ከእኛው አይርቅም።

የከበደኝ የእኛ «የ» ነች። በአማርኛ «የ» ብዙ ነገር ትሸፍናለች፤ የእኅቴ መጽሐፍ፣ የወርቅ ቀለበት፣ የጎንደር ዳቦ፣ የትናንት እንጀራ፣ የመጣው ሰው። ለእኛ ሁሉም አንድ ቤት ናቸው። ኡዝቤክኛ ግን ለእያንዳንዱ የተለየ በር አለው፤ ይህን ሳላውቅ ሁሉንም በአንዱ በር ለማስገባት ስሞክር ከረምኩ።

ባለቤት ያለው ነገር ከሁለት በኩል ይታሰራል፦ ኦፓምኒንግ ኪቶቢ፣ የእኅቴ መጽሐፍ። «ኒንግ» ከእኅቴ ጋር፣ «ኢ» ከመጽሐፉ ጋር። ነገሩ የተሠራበት ቁስ ከሆነ ምንም አያስፈልግም፣ ስሙ እንደ ቅጽል ፊት ይቀመጣል፦ ኦልቲን ኡዙክ፣ የወርቅ ቀለበት፤ ቴሚር ዮል፣ ቃል በቃሉ ብረት መንገድ፣ ማለትም የባቡር ሐዲድ። ዓይነትን ወይም ስያሜን የሚናገር ከሆነ ኋላ ያለው ስም ብቻ «ኢ» ይይዛል፦ ኡዝቤክ ቲሊ፣ ኡዝቤክ ቋንቋ፤ ኦሮል ዴንጊዚ፣ የአራል ባሕር። ሳማርካንድ ከባድና ወፍራም በሆነ ዳቦዋ ስመ ጥር ናት፤ እኔ «ሳማርቃንድ ኖን» እል ነበር፣ «ሳማርቃንድ ኖኒ» ነው የሚባለው። ዳቦ ይዛችሁ ስትመጡ ደግሞ ገልብጣችሁ አታስቀምጡት፣ እንደ ነውር ይቆጠራል።

ጊዜን የሚናገር «ጊ» ወይም «ኪ» ይይዛል፦ ኬቻጊ ኖን፣ የትናንት ዳቦ፤ ቂሽኪ፣ የክረምት። ቦታን የሚናገር «ዳጊ» ይይዛል፣ ይህቺን ደግሞ አጥብቃችሁ ያዟት። እኛ «ጠረጴዛው ላይ ያለው መጽሐፍ» ለማለት አራት ቃል እንደረድራለን፤ እነሱ «ስቶልዳጊ ኪቶብ» ብለው ይጨርሳሉ። ቦዞርዳጊ ኦልማ፣ ገበያ ውስጥ ያለው ፖም። «ያለው» የሚለውን በአንድ ቅጥያ የመዋጥ ነገር ንግግሬን በግማሽ አሳጠረልኝ።

ያለውና የሌለው «ሊ» እና «ሲዝ» ናቸው። ቱዝ ጨው ነው፤ ቱዝሊ ጨዋማ፣ ቱዝሲዝ ጨው አልባ። ዓረብኛ ሁለታችንንም ስለጎበኘን አንዳንዱ ቃል ሳትማሩት ይገባችኋል። አቅል የምንለውን እነሱም «አቅል» ይላሉ፤ አቅልሊ ብልህ፣ አቅልሲዝ አቅል የጎደለው። ባራካ ደግሞ የእኛው በረካ፣ የቡናው ሦስተኛ ነው፤ ባራካሊ የተባረከና የበዛ ማለት ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልኩ ለኾላ ያስረዳሁ ቀን «ባራካሊ ቃህቫ» ብለው ሰየሙልን፣ የተባረከ ቡና። ታሪኺይ የሚለውም ከታሪካዊ ጋር በሥሩ አንድ ነው፤ «ኢይ» የእኛን «ኣዊ» ትሠራለች።

«የመጣው ሰው» ኬልጋን ኦዳም ነው። (ኦዳም ሰው ነው፣ ከአዳም።) የመጣችው ሴት ኬልጋን አዮል፣ የመጡት ሰዎች ኬልጋን ኦዳምላር። እኛ የመጣው፣ የመጣችው፣ የመጡት እያልን ግሡን ስናገላብጥ የእነሱ «ኬልጋን» እንደማንኛውም ቅጽል ሳይነካ ይቀመጣል። ደንቡ ያው አንዱ ነው፤ ከስም ፊት የሚቆም ቅጽል ምንም አይሸከምም።

አንድ ቀን ግን ደንቡ የተሰበረ መሰለኝ። ከሳማርካንድ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከተራራው ማዶ ያለች ሻህሪሳብዝ የምትባል ከተማ አለች፤ ታሜርላን የሚባለው ድል አድራጊ ቴሙር እ.ኤ.አ. በ1336 የተወለደው በአቅራቢያዋ ነው። ስሟ አረንጓዴ ከተማ ማለት ነው። ሻህር ከተማ፣ ሳብዝ አረንጓዴ። ከተማው ቀድሞ አረንጓዴው ኋላ መጣ! ምክንያቱ ስሙ ፋርስኛ መሆኑ ነው፤ በፋርስኛ ስም ይቀድምና በ«ኢ» ታስሮ ቅጽሉ ይከተላል። በዚያችው ከተማ መካከል ቴሙር ከ1380 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያሠራው ቤተ መንግሥት በር ፍርስራሽ ሰማይ ጠቀስ ሆኖ ቆሟል፤ ስሙ ኦቅሳሮይ፣ ነጭ ቤተ መንግሥት። የዚህኛው ሰልፍ ቱርካዊ ነው፣ ነጩ ቀድሟል። በሩ ሥር ቆሜ ሁለቱን ስሞች ደጋግሜ ለራሴ አልኳቸው፦ ሻህሪሳብዝ፣ ኦቅሳሮይ። በአንድ ከተማ ውስጥ የሁለት ቋንቋ ሰልፍ። እንደ «ታርጂማይ ሆል»፣ የሕይወት ታሪክ፣ ያሉ የፋርስኛ ሰልፍ የያዙ አባባሎች በመጻሕፍት ውስጥ ታገኛላችሁ፤ እንዳለ መያዝ እንጂ በእነሱ አምሳል አዲስ አትሥሩ። ካርታ ላይ ያሉ ስሞች ጥሩ መምህራን ናቸው፤ ቂዚልቁም ቀይ አሸዋ፣ ያንጊዮል አዲስ መንገድ።

ሌላው የወደድኩት ሰውን በአካሉ የመግለጽ ስልት ነው። እኛ «ልበ ሰፊ»፣ «እጀ ሰፊ» እንላለን፤ የአካሉ ስም ቀድሞ ቅጽሉ ይከተላል። እነሱም እዚህ ላይ ከኋላ ያደርጉታል፦ ቆሊ ኦቺቅ ኦዳም፣ እጁ ክፍት ሰው፣ ቸር። ኮዚ ኦች፣ ዓይኑ የተራበ፣ ስስታም፤ ኮዚ ቶቅ፣ ዓይኑ የጠገበ። «ቆሊ»፣ እጁ፣ የባለቤትነት «ኢ» ይዛ ትቀርና ቅጽሉ ይከተላታል፤ ከዚያ ጠቅላላው ሐረግ እንደ አንድ ቅጽል «ኦዳም» ፊት ይቀመጣል። «እጀ ሰፊ»ን የሚያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ይህን በአንድ ቀን ይይዘዋል፤ እኔ ከሌሎች አገር ተማሪዎች ቀድሜ የገባኝ ብቸኛው ትምህርት ይህ ነበር።

እንዴት እንደተለማመድኩ ልንገራችሁ። መጽሐፍ ላይ ካሉት መልመጃዎች ይልቅ የጠቀመኝ አንድ ቅጽል ይዞ መዋል ነው። ጠዋት «ያንጊ»ን፣ አዲስን እመርጣለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ያየሁትን አዲስ ነገር ሁሉ በልቤ ቅጥያ አለብሰዋለሁ፣ ያንጊ አቭቶቡስዳ፣ ያንጊ አቭቶቡስላርኒ፣ ያንጊ ዶኮንዳን። «ያንጊ» ላይ ምንም እንዳይነካ መጠበቅ ነው ሥራው። ሁለተኛው፣ ዐረፍተ ነገሩን ከአማርኛ መጀመር ማቆም ነበር። «በትልቁ» ብዬ ካሰብኩ «በ» አፌ ላይ ቀድማ ትመጣና የምታርፍበት አጥታ ቅጽሉ ላይ ትወድቃለች። ስለዚህ ቅጽሉንና ስሙን አንድ ላይ እንደ አንድ ቃል መጥራት ለመድኩ፣ ካታኡይ፣ ቂዚልኦልማ፣ ቹቁርአሪቅ፤ ከዚያ መጨረሻው ላይ መጨመር። በጽሑፍ ስሕተት ነው፣ ለምላስ ግን መድኃኒት ነው። ሦስተኛው ኾላ ያስተማሩኝ የ«ካታሲኒ» ጨዋታ ነው፤ ሁለት ነገር ፊታችሁ አስቀምጡና አንዴ ስሙን ጨምራችሁ፣ አንዴ ስሙን ጥላችሁ ጠይቁ፦ ካታ ፒዮላኒ፣ ካታሲኒ፤ ቂዚል ኦልማኒ፣ ቂዚሊኒ።

ስድስት ወር ገደማ ላይ ወደዚያው ሜዳ ተመለስኩ። ሌላ ገበሬ፣ ሌላ ቦይ። «ቹቁር አሪቅዳ ሱቭ ቦርሚ?» ስለው «ቦር» አለኝ፣ አለ፣ እጁንም ወደ ቦዩ ዘረጋ።

ኾላ ዛሬም በልጅ ልጃቸው ስልክ የድምፅ መልእክት ይልኩልኛል። የሚጀምሩት ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አነጋገር ነው፦ «ኤፊዮፒያዳጊ ቦላም»፣ ኢትዮጵያ ያለኸው ልጄ።